እጇን የለቀቅሁበት ቅጽበት

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ38 ዓመት ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሥራ እተዳደራለሁ፤ ገና ትዳር አልያዝኩም። የተወለድኩት መቂ ነው። አባቴ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስለሞተ፣ ወደ አዲስ አበባ አምጥታ ከትንሽ ደመወዟ እየቆረሰች ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ‹እትዬ› እላታለሁ፤ በልቤ ግን ሁለተኛ እናቴ ናት።

እትዬ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። በፋሲካ ሰሞን ከጓደኞቼ ቤተሰቦች ጋር ወደ ላንጋኖ ስንሄድ እሷንም ይዣት ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሌሎቹ ቁርስ ላይ እያሉ፣ እኔና እሷ ከሐይቁ ዳር ወጣ ብለን በግራሮቹ መካከል ባለች ቀጭን የእግር መንገድ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሄድ ነበር። ወፍ ባየች ቁጥር ‹ጋሼ፣ ያቺ ምንድን ናት?› ትለኛለች፤ እኔም ቀና ብዬ ቅርንጫፉ ላይ እፈልጋታለሁ። በዚህ መካከል ከእግራችን ሥር ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዝቅ ብዬ ሳይ፣ የደረቀ ቅጠል የመሰለኝ ነገር ተነፍቶ እባብ ሆነ። ውፍረቱ ክንዴን ያክላል፤ ጀርባው ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ምልክቶች ተደርድረዋል። ከልጅቷ ጫማ እስከ እባቡ ራስ አንድ እርምጃ ቢሆን ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። እጇን ለቅቄ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ብቻዬን።

ከቁጥቋጦው አጠገብ ፍየል የሚጠብቅ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነበር። በኦሮምኛ አንድ ቃል ተናገረና መዳፉን ዘርግቶ ባለችበት እንድትቆም አመለከታት። ቆመች። ቀጥሎ መዳፉን ቀስ አድርጎ አየሩን ወደ እሷ ሲገፋ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ወደ ኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄደች። እባቡም እንደ አባጨጓሬ ቀጥ ብሎ እየተሳበ፣ ምንም ሳይቸኩል ሣሩ ውስጥ ገባ። እኔ፣ መቂ ተወልጄ ኦሮምኛ የምሰማ ሰው፣ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ድምፅ አጥቼ ቆሜ ነበር።

ተንበርክኬ አቀፍኳት። እስከዚያ አላለቀሰችም፤ ያለቀሰችው የእኔን ፊት ስታይ ነው። ወደ ማረፊያችን ስንመለስ ‹ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ ትጨነቃለች› አልኳት። ‹እሺ ጋሼ› አለችኝ። እስከ ዛሬ አልተናገረችም።

ሁለት ወር ተኩል አለፈ። ሌሊት ያ ድምፅ እየቀሰቀሰኝ መብራት አብርቼ አልጋ ሥር አያለሁ። ግቢ ውስጥ የተጠቀለለ የውሃ ጎማ ሳይ ላብ ያጠምቀኛል። ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ገመድ እግሬን ነክቶኝ ከወንበሬ ስዘል፣ ባልደረቦቼ ‹እባብ ያየ በልጥ በረየ› ብለው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። አባቴ እኮ ከጎተራ ሥር የወጣ እባብ በዱላ አናቱን ብሎ የገደለ ሰው ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን እትዬ ‹ክረምቱን ልጅቷን መቂ፣ እናታችን ጋ ይዘሃት ሂድ፤ ካንተ ጋር ከሆነች ሐሳብ የለኝም› ትለኛለች። ይህ ‹ሐሳብ የለኝም› የሚለው ቃሏ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። እውነቱን ብነግራት እምነቷን አጣለሁ። ዝም ብዬ ብሄድ ሌላ ቀን ደግሞ እንዳልለቃት ራሴን አላምነውም። ሰበብ ፈጥሬ ብቀር እናቴ ታዝናለች። ምን ይሻለኛል?

አጎት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

*

ውድ ወንድማችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ዓይኔን የያዘው እባቡ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ከእጅዎ ላይ መነሣት አልቻልኩም። ልጅቷን የያዘው፣ ከዚያም የለቀቃት፣ አሁን ደግሞ ያንኑ ለመጻፍ የከበደው እጅ ነው። እባቡ ሣሩ ውስጥ ከገባ ሁለት ወር ተኩል ሆኖታል፤ እርስዎ ግን ዛሬም እዚያች ቀጭን መንገድ ላይ መዳፍዎን እያዩ የቆሙ ይመስለኛል። ከእባቡ ልጀምርና ወደ እጅዎ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም በዚያ ጠዋት በትክክል ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ በራስዎ ላይ የፈረዱ ይመስለኛል።

ከገለጻዎ እንደምረዳው ያጋጠማችሁ እፉኝት ነው። ወፍራምና አጠር ያለ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ሲቆጣ አየር ስቦ የሚነፋና ያንን አየር በኃይል የሚያስወጣ እባብ ነው፤ የጎማ መተንፈስ የመሰለዎት ድምፅ ይኸው ነው። ሌሎች ብዙ እባቦች የሰው ኮቴ ሲሰማቸው ቀድመው ይሸሻሉ፤ እፉኝት ግን መደበቂያው የገዛ ቆዳው ስለሆነ ባለበት ጸጥ ብሎ መተኛትን ይመርጣል፤ ሰው የሚነከሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሳያየው ሲረግጠው ወይም እጅግ ሲጠጋው ነው። ሰውን አያሳድድም፤ ድምፁም ‹አትጠጉኝ› ማለቱ ነው። ለመንከስ ሲወረወር ግን ፍጥነቱ ዓይን አይከተለውም፤ የሚደርሰውም ከራሱ ቁመት ከፊሉን ያህል ርቀት ነው። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ እባብ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ መራቅ ከአደጋው ክልል መውጣት ማለት ነው። ሰውነትዎ አቅጣጫውን አልሳተም፤ የጎደለው ልጅቷን ይዞ አለመሄዱ ነው።

ይህንን ጉድለት ደግሞ እርስዎ አልመረጡትም። እንዲህ ያለ ድምፅና ቅርጽ በድንገት ሲያጋጥመን፣ በአንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የተባለው የአደጋ ደዋይ፣ ያየነው ነገር ምን እንደሆነ ገና በቅጡ ሳናውቅ ጡንቻዎቻችንን ያዛል። ‹የእህቴ ልጅ› የሚለው ሐሳብ እስኪመጣልዎ ድረስ እግርዎ መሬቱን ለቅቆ ነበር። ድምፅ አጥተው መቆምዎም የዚያው ድንጋጤ ሌላው መልኩ ነው፤ ሰውነት በአደጋ ፊት አንዳንዴ ይሸሻል፣ አንዳንዴ ይጋፈጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ደርቆ ይቀራል፤ በእርስዎ ላይ ሁለቱ ተከታትለው ደረሱ። ይዘዋት ቢዘሉ ይሻል እንደ ነበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ይህን ልሸፍንልዎ አልፈልግም። ነገር ግን ፍቅር የሚመዘነው ሰው በግማሽ ሰከንድ ውስጥ በሚያደርገው ነገር ከሆነ፣ እህትዎ ለዓመታት ከደመወዟ የቆረሰችልዎት ምን ሊባል ነው? እርስዎስ ለዚህች ልጅ እስከ ዛሬ የሆኑላት ሁሉ በየትኛው ሚዛን ላይ ይቀመጥ?

አባትዎን አንስተዋል። በሰባት ዓመቱ አባቱን ያጣ ልጅ ስለ አባቱ የያዘውን ትዝታ መንካት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁና በጥንቃቄ ልናገር። እርስዎ ያዩት ዱላውን ነው። የአባትዎ ጉልበት ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ ይዟቸው እንደሆነ፣ ያ ቁመት ያለው ልጅ ከየት ሆኖ ያያል? አባትዎ እባቡን ያገኙት በገዛ ደጃቸው፣ ዱላ በእጃቸው ይዘው፣ ለማሰብ ጊዜ አግኝተው ነበር፤ እርስዎ ዓይንዎ ቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ከእግርዎ ሥር ተነሣብዎ። እባብ ለመግደል ሲሞክሩ የሚነከሱ ሰዎች ብዙዎች እንደሆኑም ልጨምርልዎ። ዱላ አለማንሣትዎ ለሁለታችሁም ደግ ሆኗል።

ባልደረቦችዎ የተረቱብዎትን ተረት እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው በሌላ ትርጉም ነው። ልጥ ከዛፍ ተልጦ እንጨት የሚታሰርበት፣ ቤት የሚማገርበት ልጣጭ ነው፤ መሬት ላይ ወድቆ ሲታይ እባብ ይመስላል። ተረቱ ‹እባብ ያየ› ይላል እንጂ ‹ፈሪ የሆነ› አይልም። ያየ ሰው ሰውነት የተማረውን ትምህርት ቶሎ አይረሳም፤ የውሃ ጎማውና የኮምፒውተሩ ገመድ ለእርስዎ ልጥ ሆነዋል። ደግሞም ፍርሃትዎ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በእባብ ንክሻ የሚመጣን መመረዝ ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው፣ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚገመት ሰው ስለሚገድልና ከዚያ የሚበልጡትን አካለ ጎዶሎ ስለሚያደርግ ነው። ለሕፃናት ይብሳል፤ ለአዋቂ የሚገባው የመርዝ መጠን በትንሽ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ ይከፋልና። በሚቀጥለው ጊዜ ሲስቁብዎ አብረው ባይስቁ ደስ ይለኛል። ‹አዎ፣ አይቻለሁ፤ ቅርብ ነበር› ብለው ቢመልሱላቸው ሳቁ የሚቀጥል አይመስለኝም፤ ምናልባትም ከመካከላቸው ሌላ ያየ ሰው ይገኝ ይሆናል።

አሁን ወደ እጅዎ ልመለስ። በዚያ ጠዋት ከሆኑት ነገሮች ሁሉ፣ መዝለልዎም ሆነ ደርቀው መቅረትዎ ከእርስዎ ፈቃድ ውጭ ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ አስበው፣ ቃል መርጠው፣ ረጋ ብለው አደረጉ፤ ‹ለእማዬ እንዳትነግሪያት› አሏት። ሌሊት የሚቀሰቅስዎት የእባቡ ድምፅ ቢሆንም፣ ቀን ቀን የሚከብድዎት ይህኛው ይመስለኛል። በደብዳቤዎ ውስጥ ‹እስከ ዛሬ አልተናገረችም› የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሲጽፉ ምን ተሰማዎት? እፎይታ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ያን ቃል የተናገሩት በክፋት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ እህትዎን ከጭንቀት፣ ራስዎንም ከሐፍረት ለማዳን ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ቁመት ሆነው ይመልከቱት። አስፈሪ ነገር አየች፤ የምትተማመንበት ሰው ፊት ተለወጠ፤ ከዚያም ነገሩ እንዳይነገር ታዘዘች። ልጆች ባዶ ቦታ ሲያገኙ በራሳቸው ጥፋት የመሙላት ልማድ አላቸው፤ ‹ወፏን ባላሳየው ኖሮ› እያለች ይሆን? አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልጠየቃትም። ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እርስዎ ደግ አጎት ነዎት፤ ነገር ግን ነገ ደግ ያልሆነ ሰው ያንኑ ‹ለእማዬ እንዳትነግሪያት› የሚለውን ቃል ቢላት፣ ከሚወዳት ሰው አፍ ሰምታው የምታውቀው ቃል ይሆንባታል። ይህን የምጽፈው ሸክምዎን ለማክበድ አይደለም፤ ከዚያ ጠዋት ነገሮች ሁሉ ዛሬም ሊመለስ የሚችለው ይህ አንዱ ብቻ ስለሆነ ነው። የለቀቁትን እጅ ወደ ኋላ ተመልሰው መያዝ አይችሉም፤ ያስያዟትን ምስጢር ግን ሊቀበሏት ይችላሉ።

ለማን ይቅደም የሚለውን ብዙ አሰብኩበት። አንዳንድ ሰው ‹መጀመሪያ ልጅቷን አናግር› ሊልዎ ይችላል፤ እኔ ግን ከእህትዎ እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ ልጅቷን ቀድመው ካናገሯት፣ እናቷ ጋ እስክትደርሱ ድረስ ሌላ ምስጢር ልትሸከም ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ያድርጉት። እህትዎ ፋታ የምታገኝበትን ጊዜ፣ ምናልባት እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ከተጠጣ ወዲያ ያለውን ሰዓት ይምረጡ፤ ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ውጭ ስትጫወት። ረጅም መግቢያ አያስፈልግም። ከእባቡ ቢጀምሩ የመጀመሪያው ድንጋጤዋ ልጇ ደኅና መሆኗን በመጠየቅ ያልፋል፤ ደኅና መሆኗንም ታውቃለች። ከዚያ መዝለልዎን ይንገሯት። ከዚያም ምስጢሩን። ራስዎን ከመጠን በላይ አይውቀሱ፤ ሰው ራሱን አብዝቶ ሲወቅስ ተናጋሪው ሳይሆን ሰሚው አጽናኝ ይሆናል፤ በዚያ ቀን ማጽናናት የሚገባት እሷ ናት።

ልትቆጣ ትችላለች። ለተወሰነ ጊዜም ልጇን አልሰጥህም ልትል ትችላለች። ይህ እምነቷ እንደ ጠፋ ምልክት አድርገው እንዳይወስዱት አደራ እላለሁ፤ አንዲት እናት ስለ ልጇ እግርና ስለ እፉኝት በአንድ ጊዜ ስትሰማ የሚመጣባት ቁጣ ነው፤ የተወሰነው ክፍል እንዲያውም የሚመለከተው እርስዎን ሳይሆን ያላየችውን አደጋ ነው። ‹ካንተ ጋር ከሆነች ሐሳብ የለኝም› ያለችው ምንም የማይሳሳት ሰው ስለሆኑ ይመስልዎታል? ከልጅነትዎ ጀምራ ያሳደገችዎ ሴት ድክመትዎን ከማንም በላይ ታውቃለች። የማታውቀው ይህንን አንድ ጠዋት ብቻ ነው።

ከዚያ ልጅቷን በእናቷ ፊት ጠርተው እንዲህ ዓይነት ነገር ቢሏት ይበቃል፦ ‹ያን ቀን ለእማዬ እንዳትነግሪ ያልኩሽ ልክ አልነበርኩም። ነግሬያታለሁ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ በጣም ደንግጬ እጅሽን ለቀቅሁት፤ ስለዚህም አዝናለሁ።› ከዚያ ዝም ይበሉና ያዳምጧት። ምን እንዳየች ይጠይቋት፤ ስለ እባቡ፣ ስለ ፍየል ጠባቂው፣ ስለ እርስዎም። በልጅቷ ትዝታ ውስጥ የዚያ ቀን ታሪክ ከእርስዎ ታሪክ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። እርስዎ የተለቀቀ እጅ የሚያስታውሱበትን ቦታ፣ እሷ በአንድ የማታውቀው ልጅ መዳፍ እየተመራች በገዛ እግሯ ወደ ኋላ የሄደችበትን ሦስት እርምጃ ታስታውስ ይሆናል።

የመቂው ጉዞ የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ውሳኔውም የእርስዎ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ከእህትዎ ጋር ይካፈሉታል። እኔን ከጠየቁኝ ብትሄዱ ይሻላል እላለሁ፤ ምናልባት ክረምቱን ሙሉ ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሁለት ሳምንት፣ ከተቻለም እህትዎ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብራችሁ ሆና። የመሸሽ ችግሩ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ላንጋኖን ቢሸሹ ነገ መቂን፣ ከነገ ወዲያ የግቢውን ሣር ይሸሻሉ፤ ፍርሃት ደግሞ በተሸሸ ቁጥር ድንበሩን ያሰፋል። ከመሄድዎ በፊት ባሉት ሳምንታት ራስዎን በጥቂት በጥቂቱ ያለማምዱ። የውሃ ጎማውን በሩቁ ቆመው ይዩት፤ ልብዎ መምታቱ እስኪቀንስ ድረስ አይሂዱ፤ በሌላ ቀን ጠጋ ይበሉ፤ በሌላ ቀን በእጅዎ ይጠቅልሉት። ከዚያ ጠረግ ባለ ሰፊ መንገድ ላይ ከሚያምኑት ጓደኛ ጋር አጭር የእግር ጉዞ ያድርጉ። ልብዎ ገና እየመታ ሳለ ጥለው ከሄዱ ሰውነትዎ የሚማረው መሸሽ እንዳዳነው ነው፤ ስለዚህ እስኪበርድ መቆየቱ ዋናው ነገር ነው።

ራሴን አላምነውም ብለዋል። እንዲህ ያለውን አለመተማመን ከምክር ይልቅ ልምምድ ያቀለዋል ብዬ አምናለሁ። ከልጅቷ ጋር ሆናችሁ ፍየል ጠባቂው ያደረገውን እንደ ጨዋታ ተለማመዱት፦ አንዳችሁ ‹ቁም› ሲል ሁለታችሁም ባላችሁበት ደርቃችሁ መቆም፣ የሚያስፈራው ነገር የት እንዳለ በዓይን መፈለግ፣ ከዚያ እጅ ለእጅ እንደተያያዛችሁ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ። ሃያ ጊዜ የተለማመደ ሰውነት በሃያ አንደኛው ጊዜ የሚያደርገው ነገር አለው። በመንገድም እርስዎ በዱላ ሣሩን እየነካኩ ከፊት ይሂዱ፣ እሷ የእርስዎን ኮቴ ትከተል፤ ወፍ ስታዩ ደግሞ ሁለታችሁም መጀመሪያ ቆማችሁ ከዚያ ቀና በሉ። ለሁለታችሁም ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቆዳ ጫማና ረዘም ያለ ሱሪ ያስፈልጋል። እፉኝት በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው ሲመሽ ስለሆነ፣ በእናትዎ ግቢ ማታ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትወጡ ባትሪ ሳታበሩ እንዳትራመዱ። ወደ ሰው ቤት የሚያመጣው አይጥ ነው፤ አባትዎ ያን እባብ ከጎተራ ሥር ማግኘታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ በጎተራውና በማገዶው ክምር ዙሪያ ያለውን ሣር ማጨድ፣ የፈሰሰውን እህል መጥረግ፣ እንጨት ከክምር ሲነሣ እጅ ከመስደድ በፊት በዱላ ማንቀሳቀስ ከመቶ ማስጠንቀቂያ ይበልጣል። ልጅቷ መሬት ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ፣ ጠርዙ ፍራሽ ሥር በገባ አጎበር ውስጥ ትተኛ። በሰሜን ምዕራብ በኩል በአብዱራፊ ቆላ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በእባብ የተነከሱ የቀን ሠራተኞችን ሲያክም ቆይቷል፤ ለአረምና ለአጨዳ ወርደው ማሳው ላይ፣ መሬት ላይ የሚያድሩት እነዚህ ሰዎች ለንክሻ ቅርብ ናቸው፤ ከእነሱ ዕጣ የምንማረው ቀላል ነገር ቢኖር የአልጋና የአጎበር ዋጋ ነው።

ክፉው ነገር ቢደርስስ? ይህ ጥያቄ ሌሊት ሌሊት እንደሚያብሰለስልዎት እገምታለሁ፤ መልሱን አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ ራሱ መድኃኒት ነው። የተነከሰውን ሰው ከእባቡ ማራቅ፣ ማረጋጋት፣ እንዲራመድ አለማድረግ፤ ቀለበት፣ አምባርና ጫማ እብጠት ሳይመጣ ማውለቅ፤ እግሩን እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፎ ሳይጠብቅ ማሰር፤ የተነከሰበትን ሰዓት ይዞ፣ በተገኘው ተሽከርካሪ ፈጥኖ ሆስፒታል ማድረስ። በአገራችን በብዙ ስፍራ የተለመደው ከንክሻው በላይ በገመድ ጠፍሮ ማሰር በተለይ በእፉኝት ንክሻ ጉዳቱ ይብሳል፤ መርዙ ሥጋን የሚበላ ስለሆነ ደም በተከለከለው እግር ውስጥ ታምቆ ሲቀር እግሩ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍም አያድኑም፤ ሰዓት ይበላሉ። የሚያድነው ከፈረስ ደም የሚዘጋጀው የመርዝ ማርከሻ ነው፤ እሱም አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል በሐኪም ዓይን ሥር ብቻ የሚሰጥ ነው። በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት በባቱም ሆነ በአዳማ ካሉት ሆስፒታሎች የትኛው ማርከሻው እንዳለው ደውለው ያረጋግጡ፤ መኪና ያለው የጎረቤት ሰው ስልክም በኪስዎ ይኑር። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ለእህትዎ ቢያሳዩዋት ደግሞ ከብዙ ይቅርታ በላይ ልቧን ያሳርፈዋል።

ስለ ሌሊቱ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። እንዲህ ያለ መባነንና ላብ ከድንጋጤ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የተለመደ ነው፤ በእርስዎ ላይ ግን ሁለት ወር ተኩል ሞልቶታል። ምስጢሩ ሲወርድ የተወሰነው ክፍል አብሮት ይወርዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ ካልቀለለዎት ግን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። ይህ አገልግሎት አማኑኤል ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም አለ፤ ለእንዲህ ያለው የድንጋጤ ጠባሳ በንግግርና በልምምድ የሚሰጥ ውጤታማ ሕክምናም አለ። አልጋ ሥር በመብራት ማየትዎን ለጊዜው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመተኛትዎ በፊት ያድርጉት፤ ከተኙ በኋላ ተነሥተው አይድገሙት።

ፍየል ጠባቂውን ደብዳቤው መካከል አግኝቼው አልረሳሁትም። እርስዎ ለአንድ ጠዋት ያገኙትን እባብ፣ እሱ ምናልባት በሸበጥ፣ ምናልባትም በባዶ እግሩ በየቀኑ እየተሻገረ ፍየል ይጠብቃል። ስሙን ጠይቀውት ነበር? ካልጠየቁት፣ ወደ መቂ ስትሄዱ ላንጋኖ ከዚያ ብዙም አይርቅምና፣ ልጅቷንና እናቷን ይዘው አንድ ቀን ጎራ በሉ። ያቺን ቀጭን መንገድ እስከ መጨረሻዋ መሄድ የለብዎትም። ልጁ በኦሮምኛ የተናገረውን ያን አንድ ቃል ለእህትዎ የሚተረጉሙላት እርስዎ ነዎት። ለእሱም ቁርጭምጭሚቱን የሚሸፍን ጫማ ይዛችሁለት ብትሄዱ፣ ቁጥሩን በግምት ልትመርጥለት የምትችለው ልጅቷ ናት፤ ያን ጠዋት ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል የቆየችው እሷ ነበረችና።